ባሌስትራና የዋስትና ወረቀት

የጭነት መኪና እህል፣ ዘርና ማዳበሪያ ያመላልሳል። ገበሬዎች ገንዘብ አዋጥተው በማኅበር መኪና ሲገዙ የብዙ ሰው ላብ ነው የሚወጣበት። ስለዚህ መኪናው ሲሰበር ምኑ እንደተሰበረና ማን መክፈል እንዳለበት ማወቅ ይገባናል።

የመኪናውን ክብደት ችሎ መንገጫገጩን የሚያበርደው ባሌስትራ ነው። ባሌስትራ የተደራረቡ፣ ጎበጥ ያሉ ጠፍጣፋ ብረቶች ናቸው። ጭነት ሲያርፍበት ቀጥ ይላል፤ ሲራገፍ ተመልሶ ይጎብጣል። አሞርዛተር ደግሞ መኪናው ደጋግሞ እንዳይነጥር ይይዘዋል።

ጉዳቱን በምን እናውቃለን? ባዶው መኪና በደልዳላ ቦታ ቆሞ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ፣ ወይም ጉድጓድ ሲገባ ብረት ከብረት የሚጋጭ ድምፅ ካሰማ እናስመርምረው። አሞርዛተሩ ዘይት ካንጠባጠበም እንዲሁ። የባሌስትራው ማሰሪያ ቡሎን ሲላላ ብረቱ ከመሀሉ ይሰበራልና በየጊዜው ይጥበቅ።

አሁን ወደ ክርክሩ እንምጣ። የዋስትናው ጊዜ ሳያልቅ ባሌስትራው ተሰበረ እንበል። ማኅበሩ «ብረቱ ከመጀመሪያውም ጉድለት ነበረበት» ይላል። ሻጩ «ጭነት አብዝታችሁ ነው» ይላል። ሁለቱም ሊሆን ይችላል። 35 ኩንታል እንዲጭን የተሠራ መኪና 50 ኩንታል ከተጫነበት ቢሰበር አያስደንቅም። ጭነቱ ልክ ከነበረ ግን ማስረጃ እናቅርብ። ስለዚህ፦

1. ስንገዛ ከመፈረማችን በፊት የዋስትናውን ወረቀት እናንብብ። ለስንት ወር ወይም ለስንት ኪሎ ሜትር ነው? የማይሸፍነውስ ምንድን ነው?

2. በየጉዞው ቀኑንና የተጫነውን ኩንታል በደብተር እንጻፍ። የሚዛን ወረቀት ካለ እናስቀምጥ።

3. ሻጩ ሳያየው በሌላ ጋራዥ አናስፈታ። ስባሪውንም አንጣል። የተሰበረው ፊት ዝጎ ከተገኘ ስንጥቁ የቆየ ነው፤ ካብለጨለጨ አዲስ ስብራት ነው።

4. ጉድለቱን ወዲያው በደብዳቤ እናስታውቅ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ገዢ የገዛውን ዕቃ ቶሎ እንዲመረምርና ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዛል። ደብዳቤው ሁለት ቅጂ ይሁን። ተቀባዩ በአንዱ ላይ ቀን ጽፎ ይፈርምልን፤ እሱን እኛ እንያዝ።

ጽሑፍ ከሌለ ነገሩ «ብለሃል፣ አላልኩም» ሆኖ ይቀራል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እንዲሉ፣ ማንበብና መጻፍ ማወቃችን ለማኅበሩ ገንዘብ ጠባቂ ነው።

ጥያቄዎች
ሀ. ባሌስትራ መጎዳቱ በምን ይታወቃል?
ለ. ስባሪውን የማንጥለው ለምንድን ነው?
ሐ. ባሌስትራው በዋስትናው ጊዜ ለተሰበረበት መኪና ለሻጩ የሚሰጥ አጭር ደብዳቤ ጻፉ።