ውሻና ድመት በቤትዎ፦ ደስታው፣ ሥጋቱና ንክሻ ሲያጋጥም

በሊልበርንና በአካባቢዋ ለሚኖሩ ቤተሰቦች

አገር ቤት ውሻ የግቢ ዘበኛ ነው፤ ድመትም የምትቀመጠው አይጥ እንድትይዝ ነው። እዚህ ግን ውሻው ሳሎን ሶፋ ላይ ይተኛል፣ ድመቷም ከልጆች ጋር አልጋ ትጋራለች። ልጆችዎ ጎረቤት ቤት አይተው «እኛስ መቼ ነው የምናመጣው?» ማለታቸው አይቀርም።

ጥያቄው ተገቢ ነው። እንስሳ ማሳደግ ልጅን ኃላፊነት ያስተምራል። ሁሉም ሥራና ትምህርት ቤት ሲሄድ ቤት ብቻቸውን ለሚውሉ አያቶችም ጓደኛ ይሆናል። ውሻ ያለው ሰው ዝናብም ቢሆን ከቤት መውጣቱ ስለማይቀር በካምፕ ክሪክ ግሪንዌይ ጠዋት ጠዋት የሚደረገው የእግር ጉዞ ለደም ግፊትና ለስኳር ሕመምተኛ ይጠቅማል። ከቤት ውጭ ውሻው ምንጊዜም በገመድ ይያዝ።

ሥጋቱ ደግሞ በአብዛኛው አንድ ነው፤ ንክሻ።

የእብድ ውሻ በሽታ እዚህም አለ

ኢትዮጵያ ውስጥ ያደገ ሰው ይህን በሽታ መፍራቱ ትክክል ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በ1903 እ.ኤ.አ. ወረርሽኝ እንደነበረ ተመዝግቧል፤ ዛሬም ኢትዮጵያ ውስጥ ሰው የሚገድል በሽታ ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን ከውሻ ወደ ውሻ የሚተላለፈው የቫይረሱ ዓይነት በ2007 እ.ኤ.አ. መጥፋቱ ተገልጿል። ይህ ማለት በሽታው የለም ማለት አይደለም። ጆርጂያ ውስጥ በሽታውን የሚሸከሙት ራኩን፣ ስከንክ፣ ቀበሮና የሌሊት ወፍ ናቸው። ውሻና ድመት የሚይዛቸው ከእነዚህ ነው።

ስለዚህ «ድመቴ ከቤት አትወጣም፣ ክትባት ምን ያደርግላታል?» የሚለው ሐሳብ አያዋጣም። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳም እንደሚባለው፣ የሌሊት ወፍ ጣሪያ ሥር ገብቶ ሳሎን ውስጥ ሲበር ያየች ድመት ዘላ ትይዘዋለች። ቀድሞ የተከተበች ከሆነች ክትባቱ ይደገምላትና 45 ቀን ቤት ውስጥ ክትትል ይደረግባታል። ፈጽሞ ያልተከተበች ከሆነች ግን ለወራት ተነጥላ መቆየት ወይም በመርፌ መገደል ይመጣል። የልጆችዎን ድመት ከዚህ የሚያድናት የአንድ ቀን ቀጠሮ ነው። በጉዊኔት ካውንቲ ውሻም ድመትም መከተብ በሕግ ግዴታ ነው። ክትባቱ በእንስሳት ሐኪም በኩል የተሰጠ መሆን አለበት፤ መድኃኒቱን ገዝቶ ቤት መውጋት አይቆጠርም። የምስክር ወረቀቱን ከፓስፖርትዎ ጋር ያስቀምጡ።

ከተነከሱ

ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይጠቡ። 15 ደቂቃ ረጅም ነው፤ ሰዓት እያዩ ይጠቡ። ቡና፣ ነጭ ሽንኩርት ወይም ቅጠል አያድርጉበት። ከዚያ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። የድመት ንክሻ ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ስለሚመስል ሰው ይንቀዋል፤ ነገር ግን ጥርሷ ቀጭንና ረጅም ስለሆነ ጀርሙን ወደ ውስጥ አስገብቶ እጅን በአንድ ሌሊት ሊያሳብጥ ይችላል።

ብዙ ሰው ንክሻን የሚደብቀው የነከሰው የወዳጅ ውሻ ሲሆን ነው። «ውሻውን ይገድሉባቸዋል፣ ጎረቤቴን አስቀይማለሁ» ይባላል። የሚሆነው እንዲህ ነው፦ ጤነኛ የሚመስል ውሻ ወይም ድመት ሰው ሲነክስ ለ10 ቀን ተለይቶ ይጠበቃል። በነከሰበት ቀን በሽታውን ማስተላለፍ ይችል የነበረ እንስሳ በነዚህ 10 ቀናት ውስጥ ይታመማል ወይም ይሞታል። 10 ቀን ጤነኛ ሆኖ ካለፈ ከዚያ ንክሻ የእብድ ውሻ በሽታ አይይዝዎትም፤ ውሻውም ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። ሲያሳውቁ የሚጠየቁት መቼ፣ የት፣ የማን እንስሳ እንደነከሰዎትና እንስሳው መከተቡን ነው። ንክሻው ከተደበቀ ግን ውሻውን የሚጠብቅ አይኖርም፤ እርስዎም ምናልባት የማያስፈልግዎትን መርፌ ሁሉ መወጋት ግድ ይሆንብዎታል።

እንስሳው ከጠፋ ወይም የዱር ከሆነ ሐኪሙ ክትባት ሊያዝልዎት ይችላል። ፓስተር ሄደው ለሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ ሆዳቸው ላይ የተወጉ ዘመዶች ያላችሁ፣ ያንን አስባችሁ አትቅሩ። የአሁኑ ክትባት ክንድ ላይ የሚሰጥ ሲሆን አራት ጊዜ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን፣ ከዚያ በ3ኛው፣ በ7ኛውና በ14ኛው ቀን። በመጀመሪያው ቀን ቁስሉ ዙሪያ የሚሰጥ ኢሚዩን ግሎቡሊን የሚባል መርፌም አለ። የሰውነት መከላከያቸው የተዳከመ ሰዎች አምስተኛ ክትባት ይጨመርላቸዋል። አገር ቤት ቀድሞ ተከትበው ከነበረ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ የሚወስዱት መጠን ሊቀንስ ይችላል።

ከተነከሱ ቀናት ቢያልፉም ይሂዱ። በሽታው ለመታየት ብዙ ጊዜ ሳምንታት ወይም ወራት ይወስዳል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ጠበል መጠመቅ ከፈለጉ ይጠመቁ፤ ክትባቱን ግን አያስቀሩ። የባሕል መድኃኒት አዋቂ የሚሰጠው የሚጠጣ ሥር ይህን በሽታ አያቆምም።

ግሎቡሊኑ በጣም ውድ ነው፤ ሂሳቡ በሺህ የሚቆጠር ዶላር ሊሆን ይችላል። ይህን ፈርተው ቤት አይቀመጡ። የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መክፈል ባይችሉም ሊመረምርዎት ይገባል። ኢንሹራንስ ከሌለዎት ከሆስፒታሉ ሶሻል ወርከር ጋር ይነጋገሩ፤ መድኃኒቱን የሚያመርቱ ኩባንያዎች ለእንዲህ ዓይነት ሰው የድጋፍ ፕሮግራም አላቸው። በአማርኛ የሚያስተረጉም ሰው በነፃ መጠየቅ መብትዎ ነው። ልጅዎ አያስተርጉም።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ የሌሊት ወፍ ጥርስ በጣም ትንሽ ስለሆነ የነከሰበት ላይታይ ይችላል። ከእንቅልፍዎ ነቅተው ክፍሉ ውስጥ ካገኙት፣ ወይም ሕፃን ብቻውን በተኛበት ክፍል ካገኙት፣ በመስኮት አያስወጡት። በሩን ዘግተው ይደውሉ፤ ተይዞ ሊመረመር ይችላል።

ነፍሰ ጡር ከሆኑ

«ድመቷን ጣሏት» የሚል ምክር ይሰማሉ። አያስፈልግም። የሚፈራው ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ተውሳክ ነው፤ ለፅንሱ አደገኛ ነው። በድመት ዓይነ ምድር የሚወጣው ተውሳክ ሰው ለመያዝ ከ1 እስከ 5 ቀን ስለሚፈጅበት፣ የመጸዳጃ አሸዋው በየቀኑ ከተጠረገ አደጋው ይቀንሳል። የሚጠርገው ሌላ ሰው ይሁን፤ ከሌለ ጓንት ያድርጉና እጅዎን ይታጠቡ። በድመቷ ላይ ይህን ያህል ስንጨነቅ ክትፎውን እንረሳዋለን፤ ይኸው ተውሳክ በጥሬ ሥጋም ይተላለፋል። እርግዝናው እስኪያልፍ ጥሬውም ለብለቡም ይቅር፣ ሥጋው በደንብ ይብሰል።

ከአዲስ አበባ ውሻ ለማምጣት ካሰቡ

ኢትዮጵያ የውሻ እብደት በሽታ ሥጋት ከፍተኛ ከሆነባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ናት። ከኦገስት 1 ቀን 2024 ጀምሮ ወደ አሜሪካ የሚገባ ውሻ ቢያንስ 6 ወር የሞላው፣ ማይክሮቺፕ የተቀበረለትና ተጨማሪ የክትባት ሰነድ ያለው መሆን አለበት። ቲኬት ከመግዛትዎ በፊት ይጠይቁ።

የት ይደውሉ

ስለ ንክሻ በማንኛውም ሰዓት የጆርጂያ ፖይዘን ሴንተር፦ 1-800-222-1222። ሲደውሉ በእንግሊዝኛ «አምሃሪክ» ካሉ አስተርጓሚ ያገናኙዎታል። የካውንቲው የእንስሳት ማቆያ ሎረንስቪል፣ 884 ዊንደር ሃይዌይ ላይ ይገኛል።