ቃሉን ሰምቶ ፊትን ማንበብ ያቃተው ወጣት

አንደበቱ ርቱዕ የሆነ፣ ያነበበውን የማይረሳ፣ ከሰው ጋር መግባባት ግን የሚያዳግተው ወጣት አጋጥሟችሁ ይሆናል። ሄልመር ማይክልበስትና ዶሪስ ጆንሰን በ1967 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ባሳተሙት መጽሐፍ ስለዚህ ዓይነቱ ከቃል ውጭ የሆነ የመማር እክል ጽፈዋል። እክሉ የአእምሮ ድካም አይደለም። የሚከብደው የፊትን ገጽታ፣ የድምፅን ቃና፣ ርቀትንና አቅጣጫን መረዳት ነው፤ ሒሳብና የእጅ ጽሕፈትም ብዙ ጊዜ ያስቸግራሉ።

በእኛ ዘንድ ደግሞ ብዙው ነገር የሚነገረው በዓይን ነው። እንግዳ «በልቻለሁ» ሲል ደጋግሞ «በሞቴ» ማለት እንደሚገባ ማን በቃል ያስተምራል? ይህ ወጣት ግን ቃሉን አምኖ ማዕዱን ያነሣል፤ ንፉግ ይባላል። ቀልዱን እንደ ቁም ነገር ይይዛል፤ ሰሚው ሲሰለች አያስተውልም። ንግግሩ ያማረ በመሆኑም ስሕተቱ ትዕቢት ሆኖ ይቆጠርበታል። ከሁሉ የሚጎዳው ይህ ነው፤ ምክንያቱን ሳያውቅ ይገለላል፤ ጭንቀትና ሐዘንም ሊከተሉት ይችላሉ።

ወጣቱ «ቀልድህ ነው ወይስ የምርህን?» ብሎ መጠየቅን ቢለማመድ መልካም ነው። የሚያምነው ጓደኛ ከስብሰባ በኋላ የሆነውን ለብቻው ቢያስረዳው ደግሞ ይበልጥ ይጠቀማል። ወደ አዲስ ስፍራ ሲሄድ ከካርታ ይልቅ በቃላት የተጻፈ አቅጣጫ ይሻለዋል። ጭንቀቱ ከጠና ግን ሐኪም ያስፈልገዋል።

እናንተም መምህራን፣ በጥቅሻ አትገሥጹት፤ አያየውምና። «አሁን ይብቃህ፣ እኅትህ ትናገር» ብላችሁ በለሰለሰ ድምፅ ንገሩት።