እንጦጦ መንገድ ላይ የሚያስመልሳት ልጅ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ4 ዓመት ልጃችንን እሁድ እሁድ እንጦጦ ፓርክ ይዘናት ስንወጣ መኪና ውስጥ ያስመልሳታል። ሽርሽሩን እንተወው? (እናት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ውድ እናት፣ አይተዉት፤ በዚህ ዕድሜ የተለመደ ነው። የውስጥ ጆሮ የዳገቱን ጥምዝምዝ ሲያውቅ ዓይን ስልክ ላይ ከተተከለ፣ ወደ አንጎል የሚደርሰው መልእክት ይጋጫል፤ የሚያቅለሸልሻትም ለዚህ ነው። ስልክ ይዛ ከሆነ ይቀበሏትና ሩቅ ባሕር ዛፉን ትይ። መስኮት ይክፈቱ። ከመነሳትዎ በፊት ትንሽ ዳቦ ይበቃታል፤ ጨጨብሳው ለመልስ ይቆይ። ፊቷ ገርጥቶ ማዛጋት ከጀመረች መኪናውን ያቁሙ። መድኃኒት ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይስጧት። መኪና ሳትሳፈርም የሚያስመልሳት፣ ጠዋት ጠዋት ራሷን የሚያማት ወይም ስትራመድ የምትንገዳገድ ከሆነ ግን ሳይውል ሳያድር ለሕፃናት ሐኪም ያሳዩዋት።