ውሃ በጠባብ የፕላስቲክ ቱቦ ሲወርድ የሚጠፋው ግፊት

በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ በነበረው በቀድሞው የይፋትና ጥሙጋ አውራጃ የሚገኘው የቀወት ወረዳ፣ መሬቱ ከምዕራቡ ተራራ ወደ ሸዋ ሮቢት ሜዳ እያዘቀዘቀ የሚወርድ ነው። ስለዚህ የተራራ ምንጭን አጎልብቶ ያለሞተር በቱቦ ወደ መንደር ማውረድ ይቻላል። ይሁን እንጂ ከፍታ ብቻውን አይበቃም፤ ውሃው ከቱቦው ግድግዳ ጋር በሚያደርገው ሰበቃ ከግፊቱ ከፊሉ ይጠፋል።

ይህ ብክነት በሦስት ነገሮች ይወሰናል። ቱቦው በረዘመ ቁጥር በዚያው ልክ ይጨምራል፤ የሚወርደው ውሃ እጥፍ ሲሆን ወደ 3.6 እጥፍ ይደርሳል፤ የቱቦው የውስጥ ስፋት (ዲያሜትር) በግማሽ ሲቀነስ ግን 30 እጥፍ ያህል ይሆናል።

ለምሳሌ፣ ምንጩ ከቦኖው 20 ሜትር ከፍ ብሎ 1,000 ሜትር ይርቃል እንበል። በሴኮንድ ግማሽ ሊትር ለማውረድ፣ የውስጥ ስፋቱ 25 ሚሊሜትር የሆነ ቱቦ 49 ሜትር ያህል ከፍታ በሰበቃ ይበላል፤ ባለ 32 ሚሊሜትሩ 15 ሜትር፣ ባለ 40 ሚሊሜትሩ ደግሞ 5 ሜትር ያህል ብቻ ነው። በጠባቡ ቱቦ የሚደርሰው በሴኮንድ 0.3 ሊትር ገደማ ስለሚሆን፣ በ40 ሴኮንድ ይሞላ የነበረው ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከአንድ ደቂቃ በላይ ይፈጃል። 60 ጀሪካን ቢሰለፍ የ40 ደቂቃው ተራ ከአንድ ሰዓት ያልፋል።

ስለሆነም የውሃ ኮሚቴዎች ቱቦ ከመግዛታቸው አስቀድሞ ርቀቱንና ከፍታውን ማስለካት፣ በፕላስቲክ ቱቦ ላይ የታተመው ቁጥር ብዙውን ጊዜ የውጭውን ስፋት የሚያመለክት መሆኑንም መገንዘብ ይገባቸዋል። በጠባብ ቱቦ የተቆጠበው ገንዘብ በእናቶችና በልጃገረዶች የወረፋ ሰዓት ይከፈላልና።