ከቅዳጅ ወረቀት ሥዕል እንሥራ

በየቤታችን ጋዜጣ በግድግዳ ላይ ስንለጥፍ ኖረናል። ዱቄት በውሃ አፍልተን ሙጫ እናደርጋለን፤ ጋዜጣውን እየቀባን የጭቃውን ግድግዳ እናለብሰዋለን። ቤቱ ያምራል፤ አቧራውም ይቀንሳል። ፊደል ሳንቆጥር ግን ጋዜጣውን ዘቅዝቀን የለጠፍን ብዙዎች ነን። እንግዳ መጥቶ አንገቱን አጣሞ ሲያነብ አይተን ምን ሆነ ብለናል። ነገሩ ሲገባን ደግሞ ስቀናል፤ አፍረናልም።

ዛሬ ፊደሉን ለይተናል። ወረቀቱን ዘቅዝቀን አንለጥፍም። እንግዲያው ያንኑ ወረቀትና ያንኑ ሙጫ ይዘን አንድ እርምጃ ወደፊት እንሂድ። ሥዕል እንሥራበት።

ኮላጅ ምንድን ነው?

ወረቀት ቆርጦና ቀዶ፣ ቁራጩን በሌላ ወረቀት ላይ በሙጫ እየለጠፉ የሚሠራ ሥዕል ኮላጅ ይባላል። ቃሉ የመጣው ከፈረንሳይኛ ሲሆን መለጠፍ ማለት ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1912 ፒካሶና ብራክ የተባሉ ሁለት ሠዓሊዎች በፈረንሳይ አገር የጋዜጣና የግድግዳ ወረቀት ቁራጭ በሥዕላቸው ላይ ለጠፉ። ከዚያ ወዲህ ሥራው በዓለም ታወቀ። ይሁን እንጂ ወረቀት ቆርጦ መለጠፍ ከእነርሱ በፊትም የነበረ ነው።

ለኮላጅ ብሩሽና ውድ ቀለም አያስፈልግም። መቀስ ከሌለ ምላጭ፣ ምላጭ ከሌለ የገዛ ጣታችን ይበቃል። የሚቸግረው ሌላ ነው፤ ምን እንሥራ? ሐሳቡን ከየት እናምጣ?

ሐሳብ የሚገኘው ከማየት ነው

«አይ፣ እኔ ሥዕል የት አውቄ! እጄ የለመደው ሞፈርና ማጭድ ነው፤ ዕድሜዬም ሄዷል» የሚል አይጠፋም። ለዚህ ሰው የአንዲት አሮጊት ታሪክ እንንገረው።

ሜሪ ዴላኒ የምትባል እንግሊዛዊት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1700 ተወለደች። በ72 ዓመቷ አንድ ቀን ከአበባ ላይ የወደቀ ቅጠል አየች። የቅጠሉ ቀለም ጠረጴዛዋ ላይ ከነበረው ወረቀት ጋር አንድ ሆነባት። መቀሷን አንስታ ወረቀቱን በአበባው አምሳል ቆረጠች፤ በጥቁር ወረቀት ላይም ለጠፈችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይኗ እስኪደክም ድረስ ለአሥር ዓመት ያህል ሠራች። ወደ 1000 የሚጠጉ የወረቀት አበቦች ትታ ሄደች። ዛሬ ሥራዋ ለንደን ከተማ በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል።

ሌላም አለ። ማቲስ የተባለው ታላቅ ፈረንሳዊ ሠዓሊ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1941 ከባድ የሆድ ቀዶ ጥገና ተደርጎለት እንደ ልቡ መቆም አቃተው። ሥዕሉን ግን አልተወም። ረዳቶቹ ወረቀት ቀለም ይቀቡለታል፤ እርሱ አልጋውና ወንበሩ ላይ ሆኖ በመቀስ ይቆርጣል። ከታወቁት ሥራዎቹ ብዙዎቹ በዚህ መንገድ የተሠሩ ናቸው።

ከአገራችንም አንድ እንጥቀስ። የአዲስ አበባው ሠዓሊ ኤልያስ ስሜ ሌላው የጣለውን ቁልፍ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦና የተሰበረ የኮምፒዩተር ዕቃ ከመርካቶ እየሰበሰበ ትልልቅ ሥዕሎች ይሠራል። ሥራውም በውጭ አገር ሙዚየሞች ታይቷል።

ሦስቱም ሐሳባቸውን ያገኙት በአጠገባቸው ካለው ነገር ነው። ሌላው አይቶ የሚያልፈውን እነርሱ ቆም ብለው አዩት። ማየትም እንደ ማንበብ በልምምድ የሚገኝ ትምህርት ነው።

መቀሌን እንደ መጽሐፍ እናንብባት

ከኩሓ ተነስተን ቁልቁል ወደ መቀሌ ስንወርድ ከተማዋ ከበታች ተዘርግታ ትታያለች። በዙሪያዋ ያለው ማሳ እንደ ተጣጣፈ ጨርቅ ነው። ገብሱ ቢጫ፣ ጤፉ አረንጓዴ፣ የታረሰው ቀይና ቡኒ ነው። በተራራው ወገብ ላይ በሰው እጅ የተካበው የድንጋይ እርከን መስመር በመስመር ይታያል። ይህን በየቀኑ እናየዋለን። ሥዕል ነው ብለን ግን አናውቅም።

ወደ ገበያው እንዝለቅ። ከዳሎል አካባቢ ተቆርጦ የመጣው የጨው አሞሌ እንደ ጡብ ተደርድሯል፤ ነጭና ግራጫ ነው። ቀድሞ በግመል ቅፍለት እስከ ከተማይቱ ይገባ ነበር፤ አሁን ጭነቱ በአብዛኛው በመኪና ነው። የግመሎቹን ሰልፍ የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ግን ዛሬም አሉ። በክረምት በለስ የሞላ ሳህን እናያለን፤ ቀይ፣ ብርቱካንማና አረንጓዴ ሆኖ ይደምቃል። የአሸንዳ በዓል በነሐሴ 16 ሲጀምር ልጃገረዶች ሹሩባ ተሠርተው፣ ጥልፍ ቀሚስ ለብሰው፣ አረንጓዴውን ሣር በወገባቸው ታጥቀው ይወጣሉ።

ግንቡንም እንመልከት። የሕድሞ ቤት ድንጋይ ትልቁ ከትንሹ ጋር እየተሰካካ የተሠራ ነው። የዓፄ ዮሐንስ አራተኛ ቤተ መንግሥትም ከድንጋይ ተጠርቦ የቆመ ነው። ድንጋዩን በወረቀት ቁራጭ ብንተካው ያው ኮላጅ ነው።

ከቤትም አንውጣ። እናቶች ሕምባሻ ሲጋግሩ ሊጡን እንደ ጋሪ ጎማ አድርገው ያስጌጡታል። ሰፌድና መሶብ ሲሰፉ ባለ ቀለሙ አክርማ ስንት ስፌት ላይ እንደሚለወጥ ቆጥረው ያውቃሉ። ይህን የሚያውቅ እጅ ሥዕል አያውቅም ማለት ስሕተት ነው። አሁን የፕላስቲክ ዕቃ በየቤቱ ገብቷል። የመሶቡን ጥለት ከእናቶቻችን ጠይቀን በወረቀት ላይ ካላስቀረነው ነገ የሚነግረን ላይኖር ይችላል።

ማየት ለጀመረ ሰው አንድ ብልሃት እንስጥ። በቁራጭ ካርቶን መካከል የክብሪት ሳጥን የምታህል ቀዳዳ እንቅደድ። በቀዳዳዋ አሻግረን አንድ ነገር ብቻ እንይ። ቅርጹ ምን ይመስላል? ስንት ቀለም አለው? ለስላሳ ነው ወይስ ሻካራ? ሦስቱን ጥያቄ ከመለስን ሐሳቡ ተገኘ ማለት ነው።

ወረቀቱንና ሙጫውን ማዘጋጀት

ወረቀት በእጅ መሥራት ይቻላል። እንዲህ ነው፦

1. ያለቀ ደብተርና አሮጌ ጋዜጣ በትንንሹ ቀደን ለአንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ እንዘፍዝፍ።
2. በማግስቱ እንደ ገንፎ እስኪሆን በሙቀጫ እንውቀጠው።
3. በሰፊ ገበታ ውሃ ሞልተን እንበጥብጠው። ወንፊት ከሥር አስገብተን ቀስ ብለን እናንሳ። ውሃው ይወርዳል፤ ወረቀቱ ወንፊቱ ላይ ይቀራል።
4. በጨርቅ ላይ ገልብጠን፣ ሌላ ጨርቅ ከላይ አልብሰን፣ ድንጋይ እንጫንበት። ውሃው ሲወጣ ጥላ ላይ እናድርቀው።

ቀለም ከፈለግን በበጠበጥነው ላይ እርድ፣ የቀይ ሥር ውሃ ወይም የቡና አተላ እንጨምር። የእርድ ቀለም ፀሐይ ሲመታው ይደበዝዛል። ስለዚህ ሥዕሉን ፀሐይ በማያገኘው ግድግዳ ላይ እንስቀለው።

ለሙጫው አንድ ስኒ የስንዴ ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃ እንበጥብጥ። አራት ስኒ ውሃ ጨምረን እንደ አጥሚት እስኪወፍር እያማሰልን እናብስለው። ሲበርድ እንጠቀምበት። ቁራጮቹን መጀመሪያ ያለ ሙጫ ደርድረን እንያቸው፤ ደስ ሲለን ብቻ እንለጥፍ።

ከመቅደዳችን በፊት እናንብብ

ወረቀት ሁሉ ቅዳጅ አይደለም። የመሬት ይዞታ ደብተር፣ የልጅ ክትባት ካርድ፣ የግብር ደረሰኝ፣ የፍርድ ቤት ወረቀት አለ። ማንበብ በማይቻልበት ቤት እንዲህ ያለ ወረቀት ለእሳት ማቀጣጠያ ሊሆን፣ ቅመም ሊጠቀለልበት ይችላል። ኋላ በድንበር ክርክር ጊዜ «ወረቀትህ የታለ?» ሲባል መልስ ይጠፋል። ስለዚህ መቀሱን ከማንሳታችን በፊት ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች እናንብበው። ማኅተም ያለበትን አንቁረጥ።

ለምን ይጠቅመናል?

ሆድ የማይሞላ ነገር ምን ይጠቅማል የሚል ይኖራል። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በትግራይ በነበረው ጦርነት ብዙ ሰው ሞቷል፤ ብዙ ሰው ከቀዬው ተፈናቅሏል። ቤቱን ያጣ ሰው በግድግዳው የሰቀለውን ፎቶግራፍም አብሮ አጥቷል። እንዲህ ያለ አባት የድሮ ቤቱን፣ ደጃፉ ላይ የነበረችውን ዛፍ፣ የበሬውን ቀለም ከቁራጭ ወረቀት አሰባስቦ ለልጁ ሊያሳየው ይችላል። ያቺ ሥዕል ቤቱን አትመልስለትም። ነገር ግን ልጁ የአባቱ ደጅ ምን ይመስል እንደነበር ያውቃል። ከሥሩም አባትየው በገዛ እጁ የመንደሩን ስም ይጽፍበታል። ትናንት በጣት አሻራ ይፈርም ለነበረ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። ቁራጭ ወረቀትም ለብቻው ነፋስ የሚወስደው ነው። ሲሰበሰብ ግን ቤት፣ ማሳና ገበያ ይሆናል። ዛሬ ማታ አንድ ቁራጭ ብቻ አስቀምጠን እንጀምር።

ጥያቄዎች

1. ሜሪ ዴላኒ ሥራዋን ስትጀምር ዕድሜዋ ስንት ነበር? ሐሳቡንስ ከምን አገኘችው?
2. በቤታችን የማይቀደዱ ወረቀቶች የትኞቹ ናቸው? እንዘርዝራቸው፤ የሚቀመጡበትንም ቦታ እንወስን።
3. በመንደራችን አንድ የመሶብ ወይም የጥልፍ ጥለት መርጠን በቁራጭ ወረቀት እንሥራ። ከሥሩ ስማችንን፣ የመንደራችንን ስምና ቀኑን እንጻፍ።