ኦፕራሲዮን የተደረገች ሴት ውሻ አያያዝ

ከምግብ አዳራሹ ደጃፍ የማይጠፉትን ውሾች የማያውቅ ተማሪ በመካከላችን የለም። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» እንደሚባለው፣ ትርፍራፊያችንን በልተው ሌሊት በመኝታ ቤታችን ዙሪያ የሚጮኹልን እነሱ ናቸው። ሴቲቱ ውሻ በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል ወንድ ትፈልጋለች፤ ከፀነሰችም በኋላ በ63 ቀን ገደማ ትወልዳለች፤ በአንድ ጊዜ አምስት ስድስት ቡችላ መውለዷም የተለመደ ነው። ቡችሎቹ ከፊሉ በመኪና ይገጫሉ፤ ከፊሉ በረኃብና በበሽታ ያልቃሉ፤ የተረፉትም ሳይከተቡ ያድጋሉ።

ይህም ነገር ለውሾቹ ብቻ ሳይሆን ለእኛም የሚያሳስብ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በእብድ ውሻ በሽታ ከሚያዙት ሰዎች እስከ 99 ከመቶ የሚሆኑት በሽታው የሚተላለፍባቸው ከውሻ ነው። በሽታውን ለመግታት ከአንድ አካባቢ ውሾች ቢያንስ 70 ከመቶው መከተብ ይገባቸዋል። ነገር ግን ያልተከተቡ ቡችሎች በየጊዜው በተወለዱ ቁጥር ይህ መጠን እየወረደ ይሄዳል። ስለዚህ ማስከተብና ማምከን አብረው ቢሄዱ አንዱ ሌላውን ያግዛል።

እንግዲህ ጥቂት ተማሪዎች ገንዘብ አዋጥተው የግቢያቸውን ውሻ ወደ እንስሳት ሐኪም ወስደው ለማስመከን ቢነሡ ሐሳባቸው የሚመሰገን ነው። ሆኖም አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰበው ስለ ኦፕራሲዮኑ ዋጋ ብቻ ነው። ውሻይቱ ከተሰፋች በኋላ የት ታድራለች? ማንስ ይጠብቃታል? የሐኪሙ ሥራ በአንድ ሰዓት ገደማ ያልቃል፤ የጠባቂዎቿ ሥራ ግን ከ10 እስከ 14 ቀን ይቆያል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንኑ ሁለተኛውን ሥራ ነው።

1ኛ/ ኦፕራሲዮኑ ምን ዓይነት ነው?

ሐኪሙ ውሻይቱን በማደንዘዣ ካስተኛ በኋላ ሆዷን ከእምብርቷ በታች ይከፍትና የዕንቁላል ከረጢቶቿን፣ አብዛኛውን ጊዜም ከነማሕፀኗ፣ ያወጣል። የደም ሥሮቹን በክር ያስርና ሆዷን መልሶ ይሰፋል። ስፌቱ አንድ ብቻ አይደለም። በመጀመሪያ ሆድ ዕቃን የሚይዘው ጠንካራው ሽፋን፣ ቀጥሎ ከቆዳ ሥር ያለው ሥጋ፣ በመጨረሻም ቆዳው ይሰፋል። እኛ በዓይናችን የምናየው የላይኛውን ብቻ ነው። ሆድ ዕቃዋን ይዞ የሚያቆየው ግን የማናየው የታችኛው ስፌት መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል።

2ኛ/ የመጀመሪያይቱ ሌሊት

ማደንዘዣው ፈጽሞ እስኪለቃት ድረስ ውሻይቱ ትንገዳገዳለች፤ ታቃስታለች፤ አንዳንዴም የምታውቀውን ሰው እንደማታውቅ ትሆናለች። የሰውነቷን ሙቀት ለመጠበቅም ኃይል ያንሳታል። ስለዚህ ደረቅና ነፋስ የማይገባበት ክፍል፣ ቢቻል የዕቃ ቤት ወይም የዘበኛ ቤት ጥግ፣ ተፈልጎ ከሲሚንቶው ላይ ካርቶን፣ ከካርቶኑም ላይ አሮጌ ብርድ ልብስ ይነጠፍላታል። ሙቅ ውኃ የተሞላ ጠርሙስ ከጎኗ ማድረግ ይቻላል፤ ነገር ግን ደንዝዛ ሳለች መቃጠሏ ስለማይሰማት ጠርሙሱ በወፍራም ጨርቅ መጠቅለል አለበት። ደረጃና ከፍ ያለ ቦታ እንዳትወጣ መከልከልም ይገባል።

በድንጋጤ ልትነክስ ስለምትችል ፊትን ወደ ፊቷ ማስጠጋት መልካም አይደለም። ሰው ቢነከስ ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ግዴታው ነው።

3ኛ/ ምግብና ውኃ

ስትነቃ በመጀመሪያ ጥቂት ውኃ ይሰጣታል። ካላስመለሳት በዚያው ምሽት ከተለመደው ምግቧ ሩቡን ያህል ትበላለች። በማግስቱ ወደ ልማዷ መመለስ ይቻላል። በመጀመሪያው ቀን ብዙ ባትበላ አያስደነግጥም፤ ዓይነ ምድርም ሁለት ሦስት ቀን ሊዘገይ ይችላል።

የምግብ አዳራሹ ትርፍራፊ ግን ለእርሷ አይስማማትም። በወጡ ውስጥ ያለው ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት የሚያፈርስ ነገር አለው፤ ደሟ በኦፕራሲዮኑ ለተቀነሰባት ውሻ ደግሞ ይህ የባሰ ነው። የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም ተሰነጣጥቆ አንጀቷን ሊወጋ ይችላል። ቅመምና ሽንኩርት የሌለው የተቀቀለ ሩዝ ከጥቂት ቀይ ሥጋ ጋር ተደባልቆ ቢሰጣት ይበቃታል።

4ኛ/ የቁስሉ አጠባበቅ

ቁስሉን ጧትና ማታ ማየት ያስፈልጋል። በመልካም ሁኔታ ያለ ቁስል ደረቅ ነው፤ ከንፈሮቹም ገጥመዋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥቂት መቅላትና ማበጥ ይኖራል፤ ከዚያ በኋላ ግን እየቀነሰ መሄድ አለበት። ስፌቱ እስኪወጣ ድረስ ገላዋን ማጠብ፣ ዝናብ ላይ ማሳደርም አይገባም።

በቁስሉ ላይ ምንም ነገር አለመቀባት ይሻላል። ቅቤ፣ አመድና ናፍጣ ቆሻሻ ይጨምሩበታል፤ አልኮልም የሚድነውን ሥጋ ያቃጥላል።

ብዙ ሰዎች የውሻ ምላስ ለቁስል መድኃኒት እንደሆነ ያምናሉ። ነገሩ እንዲህ አይደለም። በአፏ ውስጥ ያሉት ተሐዋስያን ቁስሉን ሊያመግሉት፣ ጥርሷም ክሩን በጥቂት ደቂቃ ሊበጥሰው ይችላል። ስለዚህ አፉ ሰፊ፣ ሥሩ ጠባብ የሆነውን የፕላስቲክ አንገትጌ ከሐኪሙ መጠየቅ ነው። እርሱ ከታጣ አሮጌ ካናቴራ ወስዶ ጭንቅላቷን ባንገቱ፣ የፊት እግሮቿን በእጅጌዎቹ አስገብቶ፣ የተረፈውን ጫፍ በጀርባዋ ላይ መቋጠር ይቻላል። ካናቴራው ሲረጥብ ወይም ሲቆሽሽ መለወጥ አለበት።

5ኛ/ ዕረፍት

ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ውሻይቱ ጅራቷን እየቆላች ትነሣለች፤ መሮጥም ትፈልጋለች። ጠባቂዎቿም «ድናለች» ብለው በሩን ይከፍቱላታል። ሆኖም በመጀመሪያዎቹ ሦስት እስከ አምስት ቀናት የሆዷን ሽፋን አጋጥሞ የያዘው ክሩ ብቻ ነው፤ ሥጋው ገና አዲስ ጅማት አልሠራም። በ14ኛው ቀን እንኳ ያገኘው ጥንካሬ ከቀድሞው ጥቂቱ ነው። ከዚያ በፊት አጥር ብትዘል፣ ከሌላ ውሻ ጋር ብትታገል፣ የታችኛው ስፌት ተፈቶ አንጀቷ ከቆዳዋ ሥር ሊወጣ ይችላል። ሕመሙ የቀነሰላት መሆኑ ቁስሉ ለመጠንከሩ ማስረጃ አይሆንም።

ስለዚህ ለ14 ቀን ያህል ለሽንት በገመድ ታስራ በቀስታ ትወጣለች፤ ወዲያው ትመለሳለች። ከወንድ ውሾችም መለየት ይገባታል። ወንድ በምትፈልግበት ወቅት ኦፕራሲዮን የተደረገች እንደሆነ ሽታዋ ለጥቂት ቀናት ስለሚቆይ ይከተሏታል፤ ቢወጡባትም የውስጡ ቁስል ይቀደዳል።

6ኛ/ መድኃኒት

ታቃስታለች ብሎ የሰውን መድኃኒት ማዋጥ ከባድ ጥፋት ነው። ፓራሲታሞል የውሻን ጉበትና ደም ይጎዳል፤ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ጨጓራዋን ያደማሉ፤ ኩላሊቷንም ያበላሻሉ። ከሳጥን ውስጥ የተረፈ የአሞክሲሲሊን እንክብልም በግምት የሚሰጥ ነገር አይደለም። ለውሻ የተዘጋጀ የሕመም ማስታገሻ ስላለ፣ ከክሊኒኩ ከመውጣታችን በፊት ሐኪሙ በክብደቷ መጠን እንዲያዝልን መጠየቅ ይገባናል።

7ኛ/ የአደጋ ምልክቶች

ከሚከተሉት አንዱ እንኳ ቢታይ ሳይነጋ ሐኪም መጥራት ያስፈልጋል።

ሀ/ ደም ሳያቋርጥ ቢንጠባጠብ፣ ቁስሉ ቢከፈት፣ መግል ወይም መጥፎ ሽታ ቢኖረው፣ ከሥሩም እብጠት ድንገት ቢወጣ።

ለ/ ድዷ ቢነጣ። ጤነኛ ድድ ብዙውን ጊዜ ሮዝ ነው፤ በጣት ተጭነን ስንለቀው ነጥቶ በሁለት ሴኮንድ ውስጥ መልኩ ይመለሳል። የነጣ ድድ፣ የተነፋ ሆድና ድካም አንድ ላይ ሲታዩ ደም በውስጥ ይፈስሳል ማለት ሊሆን ይችላል።

ሐ/ ደጋግሞ ቢያስመልሳት ወይም ከ24 ሰዓት በላይ ምንም አልበላም ብትል።

መ/ ሙቀቷ ከ39.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢያልፍ። የጤነኛ ውሻ ሙቀት ከ38.3 እስከ 39.2 ስለሆነ፣ በእጃችን ስንዳስሳት ሞቃ ብናገኛት ብቻ ትኩሳት አለባት አያሰኝም፤ መለካት ያስፈልጋል።

8ኛ/ ከ14 ቀን በኋላ

ክሩ በሰውነት ውስጥ የሚሟሟ ካልሆነ ከ10 እስከ 14 ባለው ቀን ሐኪሙ ያወጣዋል። ካልተከተበችም በዚሁ አጋጣሚ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት እንድታገኝ ማድረግ፣ የክትባቱንም ወረቀት ማስቀመጥ ይገባል።

የመከነች ውሻ ትሰንፋለች፣ ጥበቃዋንም ትተዋለች የሚሉ አሉ። ጩኸቷና ግቢዋን መውደዷ ግን ከዕንቁላል ከረጢቷ የሚመነጭ አይደለም። የሚለወጠው ሌላ ነው፤ ሰውነቷ የሚፈልገው ምግብ ስለሚቀንስ እንደ ቀድሞው ከበላች ትወፍራለች። በተረፈ በማሕፀን ውስጥ መግል ከሚሞላበት ገዳይ በሽታ ትድናለች፤ በልጅነቷ የመከነች እንደሆነም የጡት ዕጢ የሚይዛት በጥቂቱ ነው።

ወንድሞችና እህቶች፣ ከዚህ ሁሉ የምንረዳው ነገር አጭር ነው። መዋጮው ከመሰብሰቡ አስቀድሞ ክፍሉ ይገኝ፤ ለ14ቱም ቀናት ተረኞች በስም ይጻፉ፤ የሐኪሙ ስልክ በበሩ ላይ ይለጠፍ። ፈተናና የዕረፍት ጊዜ የሚገጥም እንደሆነ ቀኑ ይዛወር። የባለቤት ውሻ ብትታመም ባለቤቷ ይጠየቃል። የግቢ ውሻ ግን የሁሉም ስለምትባል ጠያቂ የላትም። ሆዷን ያስከፈትናት እኛ ከሆንን ግን እስክትድን ድረስ ባለቤቶቿ እኛው ነን።