በውሃ ዳር ከተማ ማደሪያን ስለ መምረጥ
ለሰበታ፣ ለቡራዩና ለሱሉልታ ነጋዴዎች የቀረበ ትምህርት

ነጋዴ ዕቃ ሲገዛ ናሙናውን ሳያይ፣ ዋጋውን ከሌላው ጋር ሳያመዛዝን፣ የማጓጓዣውንም ወጪ ሳያሰላ ገንዘቡን አይከፍልም። ይኸው ጠንቃቃ ሰው ግን ቤተ ሰቡን ይዞ ለጥቂት ቀን ዕረፍት ሲወጣ፣ ብዙ ጊዜ ይህን መልካም ልማዱን ከሱቁ ደጃፍ ጥሎት ይሄዳል። በስልክ የሰማውን ዋጋ ያምናል፤ ሥዕሉን አይቶ ቤቱን ያየ ይመስለዋል። ከዚህም የተነሣ ለዕቃ መግዣ የተቀመጠው ገንዘብ በሦስት ሌሊት ያልቃል፤ ከዚያም የባሰ እንደ ሆነ፣ ለጤና የታሰበው ጉዞ በሽታ ይዞ ይመለሳል። ስለዚህ በዛሬው ትምህርታችን ማደሪያን እንደ አንድ የንግድ ዕቃ መርምሮ ስለ መምረጥ እናጠናለን።

1ኛ/ ከየት ተነሥቶ ወዴት?

በቀድሞው ዘመን የአዲስ አበባና የአካባቢዋ ነጋዴ የባሕር አየር ለመቀበል ሲያስብ ወደ ምጽዋ ይወርድ ነበር። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ መንግሥት ከሆነች ወዲህ ግን አገራችን የባሕር ጠረፍ የላትም። ስለሆነም ዛሬ የኢትዮጵያ የውሃ ዳር ከተሞች የምንላቸው በሐይቅና በፍል ውሃ አጠገብ የተቆረቆሩት ናቸው።

ከእነዚህ ውስጥ በይበልጥ የታወቀችው ቀድሞ ደብረ ዘይት ትባል የነበረችው ቢሾፍቱ ናት። ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ቢሾፍቱ፣ ሆራ አርሰዲ፣ ባቦጋያና ኩሪፍቱ የተባሉ ሐይቆችም አሏት። በ2007 ዓ.ም. የአዲስ አበባና የአዳማ ፈጣን መንገድ ከተከፈተ ወዲህ ጉዞው አጥሯል። ከዚያ አልፎ የላንጋኖ ሐይቅ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሐዋሳም 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃሉ።

ነገር ግን ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት ሦስቱ ከተሞቻችን፣ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ፣ እያንዳንዳቸው በተለያየ በር ላይ የተቀመጡ መሆናቸውን ማስታወስ ይገባል። ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦና በነቀምት መንገድ፣ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ ላይ ናቸው። ወደ ቢሾፍቱ፣ ወደ ላንጋኖ ወይም ወደ ሐዋሳ የሚወስደው መንገድ የሚወጣው ግን ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ነው። ስለዚህ በተለይ የቡራዩና የሱሉልታ ሰው ከተማዋን ከዳር እስከ ዳር ሳያቋርጥ ቢሾፍቱ አይደርስም። ርቀቱ አጭር ቢሆንም፣ በተጨናነቀ ሰዓት ከተማውን ማቋረጡ ከራሱ ከጉዞው ይበልጥ ጊዜ ሊወስድ ይችላል።

እንግዲህ አስተዋይ ነጋዴ በመጀመሪያ የሚጠይቀው፣ «በራሴ በር በኩል ውሃ የለምን?» ብሎ ነው። የሰበታ ሰው በጅማ መንገድ ወደ ወሊሶ ቢሄድ ፍል ውሃ ያገኛል። የቡራዩ ሰው በሆለታ በኩል አምቦ ቢደርስ የታወቀው የማዕድን ውሃና የመዋኛ ሥፍራ አለለት። በወሊሶና በአምቦ መካከልም በተራራ አናት ላይ ያለው የወንጪ ሐይቅ ይገኛል፤ የወንጪም መንደር በ2014 ዓ.ም. በዓለም የቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ተብሎ ተመርጧል። ነገር ግን ወንጪ ደጋ ነውና፣ ሙቀት ፈልጎ የወጣ ሰው ብርድ እንደሚያገኘው አስቀድሞ ይወቅ። የሱሉልታ ሰው በር ወደ ባሕር ዳርና ወደ ጣና ሐይቅ ያደርሳል፤ ዳሩ ግን ርቀቱ 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለ ሆነ የሁለት ሌሊት ዕረፍት አይበቃውም። በየትኛውም አቅጣጫ ቢሆን፣ ከመነሣት በፊት የመንገዱን ሰላም ከቅርብ ተጓዦችና ከሾፌሮች መጠየቅ ግዴታ ነው።

2ኛ/ ጊዜን መምረጥ

የማደሪያ ዋጋ እንደ ገበያ ዕቃ በፍላጎት ይወጣል፣ ይወርዳልም። በቢሾፍቱ ከዓርብ ማታ እስከ እሑድ የአዲስ አበባ ሰው ስለሚጎርፍ ክፍል ይወደዳል፤ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ግን ይረክሳል። ደመወዝተኛ ከቅዳሜና እሑድ በቀር ጊዜ የለውም፤ ባለ ሱቅ ግን ገበያው ቀዝቀዝ የሚልበትን ቀን ራሱ ያውቃል። ይህ ነጋዴው ያለው ታላቅ ብልጫ ሆኖ ሳለ፣ ብዙዎች ሳይጠቀሙበት ይቀራሉ።

እንዲሁም የጥር ወርና ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሳምንታት የሠርግ ወራት ስለ ሆኑ በሐይቅ ዳር ያሉ ሆቴሎች በሙሽራና በአጃቢ ይሞላሉ። ከመስቀል በኋላም በሆራ አርሰዲ የኢሬቻ በዓል ስለሚከበር፣ አስቀድሞ ያልያዘ ሰው በቢሾፍቱ ማደሪያ ማግኘት ይቸግረዋል። በጀት በሚዘጋበት በሰኔ ወር ደግሞ የመሥሪያ ቤቶች ስብሰባ ይበዛል። በአንጻሩ በዐቢይ ጾም ሠርግ ስለማይኖር ሐይቁ ዳር ጸጥታ አለ፤ በዋጋም ለመከራከር ያመቻል።

3ኛ/ ሥፍራውንና ውሃውን መመርመር

«ሐይቅ ዳር ነው» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም። ሐይቁን ከሩቅ የሚያሳይ ቤት አለ፤ ከውሃው የሚያደርስ ቤትም አለ፤ የሁለቱ ዋጋ አንድ ሊሆን አይገባም። ስለዚህ ክፍሉ ወደ ሐይቁ ይሁን ወደ መንገዱ፣ የሠርግ አዳራሹ ምን ያህል ይቅረብ፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር፣ ውሃ ሲቋረጥም ማጠራቀሚያ ይኑር አይኑር ለይቶ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከሁሉ በላይ ግን ስለ ሕይወት እንናገር። የቢሾፍቱ ሐይቆች እሳተ ገሞራ በፈነዳበት ጉድጓድ የተኙ ናቸውና ከዳር ትንሽ ራቅ እንዳሉ ወዲያው ጥልቅ ይሆናሉ፤ የቢሾፍቱ ሐይቅ ራሱ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ያልፋል። ስለዚህ ሕፃናት ያሉት ሰው፣ የታጠረ መዋኛና ጠባቂ የሌለውን ቤት፣ ዋጋው ቢረክስ እንኳ ይተወው። በሐዋሳና በጣና ጉማሬ አለ፤ በሁለቱም የቢልሃርዚያ በሽታ ይገኛል። ይህም በሽታ ቀንድ አውጣ በሚኖርበት፣ ሣርና ቄጠማ በበዛበት የዳር ውሃ ውስጥ በሰው ቆዳ የሚገባ ነው። የላንጋኖ ውሃ መልኩ ደፍርሶ ቢታይም፣ ከቢልሃርዚያ የጸዳ ነው በመባል ስለሚታወቅ ዋናተኞች ይመርጡታል። እንግዲህ የውሃ መልክና የውሃ ጤና አንድ እንዳልሆኑ ከዚህ እንማራለን።

ሌላው የሚዘነጋ ነገር ወባ ነው። ሱሉልታ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ደጋ ናት፤ በከተማዋ የሚኖር ሰውም ስለ ወባ ማሰብን አልለመደም። ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ ላንጋኖና ሐዋሳ ከዚያ ዝቅ ይላሉ። ስለዚህ ክፍሉ ደህና አጎበርና የመስኮት ወንፊት ያለው መሆኑ ከለስላሳ አልጋ ይልቅ ይጠየቅ። ወባ ወዲያው አይታይም፤ ከተመለሱ ከአንድና ከሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቆይቶ ሊነሣ ይችላል። በዚያን ጊዜ ትኩሳት የያዘው ሰው «ጉንፋን ነው» ብሎ ከሱቁ ከመቀመጥ ይልቅ፣ ወደ ሐኪም ሄዶ ወደ ቆላ ወርዶ እንደ ነበረ ይንገር።

4ኛ/ ዋጋና ውል

ሆቴል ቤት ዋጋ ሲናገር፣ «ታክስና አገልግሎት ሳይጨምር» የሚለውን ቃል ዝቅ ባለ ድምፅ መናገሩ ወይም ጭራሽ መተዉ የተለመደ ነው። የተጨማሪ እሴት ታክስ 15 ከመቶ ሲሆን፣ ብዙ ሆቴሎች በላዩ 10 ከመቶ የአገልግሎት ክፍያ ያስከፍላሉ። ነገሩ እንዲገለጥ አንድ ምሳሌ እንስጥ።

አንደኛው ቤት ለአንድ ሌሊት 4,000 ብር ጠየቀ እንበል። የአገልግሎት 400 ብር ሲጨመር 4,400 ይሆናል፤ በዚህ ላይ ታክሱ 660 ብር ነውና ጠቅላላው 5,060 ብር ይመጣል። ለሦስት ሌሊት 12,000 ብር የመሰለው 15,180 ብር ሆነ ማለት ነው። ሁለተኛው ቤት ግን ሁሉንም አጠቃልሎ፣ ቁርስም ጨምሮ፣ 4,700 ብር ጠየቀ እንበል፤ የሦስት ሌሊቱ 14,100 ብር ነው። በመጀመሪያ ሲሰማ ውድ የመሰለው ቤት በ1,080 ብር ረከሰ፤ የቁርሱም ጥቅም ለብቻው ነው።

ቀብድ ከመላክ በፊት፣ ጉዞው ቢቀር ገንዘቡ ይመለስ ወይስ አይመለስ፣ የልጆችና የሾፌር ማደሪያ እንዴት ይታሰብ፣ የመኪናውም ጥበቃ በማን ኀላፊነት እንደ ሆነ በጽሑፍ ማረጋገጥ ይገባል። መጥኖ መደቆስ የሚያስፈልገው ድስቱ ሳይጣድ ነው።

5ኛ/ በሒሳብ መዝገብ

ነጋዴው ለንግዱ ጉዳይ፣ ለምሳሌ ደንበኛ ለመገናኘት ወይም ዕቃ ለመረከብ ያደረበት ወጪ በንግድ ድርጅቱ ስም በተቆረጠ ሕጋዊ ደረሰኝ ይያዛል። የቤተ ሰብ ዕረፍት ግን የግል ወጪ ነውና ከንግዱ ወጪ ጋር ሊቀላቀል አይገባም፤ ባለቤቱ ለራሱ እንደ ወሰደው ገንዘብ ይመዝገብ። ይህን ያልለየ ሰው በግብር ጊዜ ከመርማሪ ጋር ይጋጫል፤ ከዚያም በላይ ንግዱ አትርፎ ይሁን ከስሮ ራሱ አያውቅም። በዕረፍቱም ዋጋ ላይ ከማደሪያው በተጨማሪ የመኪናው ነዳጅ፣ የምግቡ ወጪና ሱቁ በተዘጋባቸው ቀኖች የታጣው ትርፍ ሊታሰብ ይገባል። ይህ ሁሉ ተደምሮ ከዓመቱ ትርፍ የሚከፈል ከሆነ መልካም ነው፤ ከዕቃ መግዣው ወይም ከብድር የሚወሰድ ከሆነ ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር የተባለው ነው።

ማጠቃለያ

ዕረፍት ለነጋዴ ብክነት አይደለም። ዓመቱን ሙሉ ከሚዛኑ ኋላ የቆመ ሰው፣ ከልጆቹ ጋር በውሃ ዳር ቢቀመጥ ወደ ሥራው በታደሰ ኀይል ይመለሳል። የሚያስፈልገው በገበያ የሚያሳየውን ጥንቃቄ ለቤተ ሰቡም ማዋል ብቻ ነው።

የመልመጃ ጥያቄዎች

ሀ/ አንድ ሆቴል ለአንድ ሌሊት 3,000 ብር፣ የአገልግሎትና ታክስ ሳይጨምር፣ ቢጠይቅ የሁለት ሌሊቱ ጠቅላላ ዋጋ ስንት ይሆናል? (መልስ፦ 7,590 ብር)

ለ/ ከከተማህ በር ተነሥተህ፣ አዲስ አበባን ሳታቋርጥ ልትደርስበት የምትችለው የውሃ ሥፍራ የትኛው ነው?

ሐ/ ሁለት ሕፃናት ያሉት የሱሉልታ ነጋዴ ማደሪያ ከመያዙ በፊት በስልክ ሊጠይቃቸው የሚገባውን አምስት ነገር ጻፍ።